በጣና ዳርቻ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ታሪክ፤ ከአውራጃ ወደ ወረዳ

ሀ. መግቢያ

በአንድ አገር ላይ ሕግ መውጣቱ ብቻ ፍርድ ተገኘ አያሰኝም። የተበደለውን ሰው ነገር ይዞ በዳኛ ፊት የሚቆም ሰው ከሌለ ሕጉ በመጽሐፍ፣ በደሉም በቤት ይቀራል። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ሲሉ ይህንኑ መናገራቸው ነው። ባላገር የሚያዝነው በጠፋበት ነገር ማነስና መብዛት ሳይሆን ነገሩ በሄደበት መንገድ ነው።

ዛሬ በወንጀል ነገር ይህን ከሳሽነት የያዘው ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለ ዳኞችና ስለ ፍርድ ቤቶች ብዙ ሲጻፍ ስለ ዐቃቤ ሕግ ግን፣ በተለይም በአውራጃና በወረዳ ስላለው፣ የሚነገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ እንዴት እንደ ተቋቋመ፣ አደረጃጀቱም በየዘመኑ እንዴት እንደ ተለዋወጠ እንመረምራለን።

ይህን ስፍራ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሐይቁ ራሱ በባላገሩና በፍርድ አደባባይ መካከል የተዘረጋ መንገድም መሰናክልም ነው። ሁለተኛም፣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የሐይቁ ዳርቻ ለሁለት ጠቅላይ ግዛቶች የተከፈለ ነበር። ባሕር ዳርና ዘጌ በጎጃም ሲሆኑ፣ ከዓባይ ማዶ ያሉት ደራና ፎገራ፣ በሰሜንም ያለው ደምቢያ ከነጎርጎራው በበጌምድርና ስሜን ይቈጠሩ ነበር። አንዱ ሐይቅ ሁለት ገዥ ነበረው ማለት ነው።

ጉዳዩን የምንመዝነው በሁለት ርቀቶች ነው። አንደኛው፣ ባላገሩ ወደ ዐቃቤ ሕጉ ለመድረስ የሚሄደው መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ ከገዥው ወይም ከአስተዳዳሪው ምን ያህል ርቆ ይቆማል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ርቀት ሲያጥር መልካም ነው፤ ሁለተኛው ሲያጥር ግን መጥፎ ነው። ወደ ፊት እንደምናሳየው፣ የየዘመኑ ለውጥ አንዱን ለማሻሻል ሲነሣ ሌላውን ማበላሸቱ የዚህ ታሪክ ዋና ቁም ነገር ሆኖ አግኝተነዋል።

ለ. ዐቃቤ ሕግ ከመምጣቱ በፊት

በቀድሞው ሥርዓት የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ነገር እንደ ዛሬው ተለይቶ የቆመ አልነበረም። የተሰረቀው፣ የተደበደበው ወይም ዘመዱ የተገደለበት ሰው ራሱ ከሳሽ ነበር። ተበዳይ በመንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ዳኛ አድርጎ ነገሩን ሊያሰማ ይችላል፤ ተከራካሪዎቹም ዋስ ጠርተው፣ ውርርድ ገጥመው፣ በበላ ልበልሃ ይሟገቱ ነበር። ዋስ የሌለው ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር በቁራኛ ታስሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል። በአንድ ሰንሰለት የታሰሩት ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ያድራሉ። ከሳሽነት ምን ያህል ከባድ ሸክም እንደ ነበር ከዚህ ልማድ ይልቅ የሚያስረዳ የለም።

በደለኛው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ የአገሩ ሕዝብ ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። የተሰበሰበው ሕዝብ ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ድረስ ሥራውን ትቶ ይውላል። የጠቆመው ሰው ስሙ እንዳይገለጥ «ወፍ» ይባል ነበር። ሌባ ሻይም ሌባን ለመፈለግ የታወቀ ልማድ ነበር፤ በእርሱ ምክንያት ብዙ ንጹሕ ሰው መጐዳቱ ግን አይካድም። በነፍስ ግዳይ ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሟች ዘመዶች የደም ዋጋ ተቀብለው ሊታረቁ፣ ወይም የገዳዩን ነፍስ ሊጠይቁ ይችሉ ነበር።

ይህን ሥርዓት እንዲያው ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ስሕተት ይመስለናል። በመጀመሪያው ሚዛናችን ብንመዝነው ርቀቱ አጭር ነበር፤ ዳኛው በመንገድ፣ ሽማግሌው በዛፍ ጥላ ይገኛል። ጉድለቱ ግን የከሳሽ ኀይል በቤተ ዘመዱ ብዛትና በሀብቱ መጠን መወሰኑ ነበር። ወገን የሌላት መበለት፣ ባዕድ አገር የገባ ነጋዴ፣ በደንገል ታንኳው ዓሣ እያጠመደ የሚኖረውና በጎረቤቶቹ ዘንድ የተናቀው ወይጦ፣ የሚከስስላቸው ዘመድ ከየት ያገኛሉ? ደግሞም ነገሩ በእርቅ ሳያልቅ ሲቀር ደም ደምን እየጠራ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። መንግሥት ከሳሽነትን ከዘመድ እጅ ወስዶ ለራሱ ሹም መስጠቱ መሠረታዊ ለውጥ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ሐ. ከነፃነት መመለስ በኋላ የቆመው አደረጃጀት

የኢጣልያ ወረራ ካበቃ በኋላ መንግሥት በ1934 ዓ.ም. አስተዳደሩን በአዲስ መልክ አዋቀረ። አገሩ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፈለ። በዚያው ዓመት ስለ ዳኝነት አስተዳደር የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 የወጣው አዋጅ ቁጥር 29 ደግሞ በፍርድ ሚኒስቴር ሥር የሚሠሩ ዐቃብያነ ሕግ እንዲኖሩ አደረገ። ከዚህ በኋላ በወንጀል ነገር ከሳሹ የሟች ወንድም ወይም የተሰረቀው ሰው ብቻ መሆኑ ቀረ፤ መንግሥት ራሱ ከሳሽ ሆነ።

ይሁን እንጂ አዋጅ መውጣትና ሰው መገኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዚያን ጊዜ በአገራችን የሕግ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለየአውራጃውና ለየወረዳው የሚበቃ የተማረ ዐቃቤ ሕግ ሊገኝ አልቻለም። በገጠር ለጥቃቅን ነገር ባላገሩ የሚያገኘው አጥቢያ ዳኛን ነበር። እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 በወጣው አዋጅ እስከ 25 ብር የሚደርስ ክርክር እንዲያይ፣ በወንጀልም እስከ 15 ብር መቀጫ እንዲቀጣ ተፈቅዶለት ነበር። ከዚህ ከፍ ያለ ወንጀል ሲሆን ግን ጉዞ ይጀመራል።

ባሕር ዳር በዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቃት ከተማ አልነበረችም። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ዙሪያ የተሰበሰበች መንደር ነበረች፤ በወረራው ጊዜ ኢጣልያኖች የጦርና የጀልባ ጣቢያ ካደረጓት በኋላ ሰፋ አለች። በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የባሕር ዳር አውራጃ ዋና ከተማ ብትሆንም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገሩ በይግባኝም ሆነ በክብደቱ ከአውራጃው በላይ የሆነበት የዘጌ ባላገር ይህን ሁሉ መሄድ ነበረበት። የደራው ሰው ደግሞ ከዓባይ ማዶ ቆሞ የባሕር ዳርን ጣራ እያየ ነገሩ በበጌምድር በኩል ስለሚታይ ፊቱን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ጎንደር ማዞር ግዴታው ነበር። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት በእርሱ ላይ ተፈጸመ ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ሚዛንም ቢሆን ነገሩ ጉድለት ነበረው። በዚያ ዘመን የአገር ገዥነትና የዳኝነት ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ የሚገናኝበት ጊዜ ብዙ ነበር። ገዥው ግብር ሰብሳቢም፣ ሰላም አስከባሪም፣ በችሎት ተቀማጭም ከሆነ፣ በገዥው ወይም በምስለኔው የተበደለ ባላገር ማን ይከስስለታል? ይህ ጥያቄ እንዲያው የቃል ጨዋታ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ስለ እርሻ ገቢ ግብር ሁከት ሲነሣ ባላገሩ አቤቱታውን ያቀረበው ለአካባቢው ዐቃቤ ሕግ አልነበረም። እስከ አዲስ አበባ ድረስ መልእክተኛ ላከ፤ ያም ሳይሆንለት ሲቀር በብዙ ወረዳዎች ጠመንጃ አነሣ። በሹም ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በቅርብ ሰሚ ካጣ ወደ ሁለት ቦታ ብቻ ይሄዳል፤ ወይ ወደ ዙፋን፣ ወይ ወደ ጫካ።

መ. የ1954ቱ ሕግና የመንገዱ ጊዜ

በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለው። የዐቃቤ ሕግን ሥራ በዝርዝር የወሰነው ይህ ሁለተኛው ሕግ ነው፤ ከስድሳ ዓመት በላይም ሲሠራበት ስለ ኖረ አንቀጾቹን ማየት ይገባናል።

በዚህ ሕግ አሠራር ፖሊስ ነገሩን መርምሮ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ያቀርባል። ዐቃቤ ሕጉም መዝገቡን አይቶ ክስ ሊመሠርት፣ ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ሊያዝ፣ የመጀመሪያ ምርመራ እንዲካሄድ ሊያደርግ ወይም አልከስም ሊል ይችላል። ክስ የሚመሠርት ከሆነ በአንቀጽ 109 መሠረት መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ነው። አልከስም የሚል ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ማስረጃው አይበቃም ብሎ አልከስም ሲል፣ ነገሩ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ከሆነ ተበዳዩ ራሱ እንዲከስ በጽሑፍ ይፈቅድለታል። በሌላው ወንጀል ደግሞ ተበዳዩ በ15 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ዐቃቤ ሕጉ እንዲከስ ትእዛዝ እንዲሰጥለት ማመልከት ይችላል። እንግዲህ ሕጉ ከሳሽነትን ለመንግሥት ሲሰጥ የጥንቱን ከሳሽ ከነጭራሹ አላባረረውም፤ በር ተወለት።

ነገር ግን ይህ በር የሚከፈተው ለሚያነብና ለቅርብ ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ በአውራጃው ከተማ ተቀምጦ አልከስም ብሎ የጻፈው ወረቀት በደሴት ወይም በቆላ ለሚኖር ሰው ካልደረሰው መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

የመንገድን ነገር ሕጉ ራሱ ያውቀው ነበር። በአንቀጽ 29 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይልና፣ ለመንገዱ የሚያስፈልገው ጊዜ እንደማይቈጠር ይጨምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ይህንኑ ቃል ይዞታል። ይህ ለፖሊስ የተሰጠ አስተዋይ ፈቃድ ነው፤ በጣና ላይ ታንኳ የቀዘፈ ሰው ማዕበል በተነሣ ቀን ማቋረጥ እንደማይቻል ያውቃልና። ይሁን እንጂ ነገሩን ገልብጠን ብናየው ሌላ ትርጉም አለው። ርቀቱ በረዘመ ቍጥር የማይቈጠረው ጊዜ ይረዝማል፤ የማይቈጠረው ጊዜ በረዘመ ቍጥር ሰውየው ያለ ዳኛ የሚታሰርበት ጊዜ ይረዝማል። መሥሪያ ቤትን ማቅረብ ለከሳሽ ብቻ ሳይሆን ለተከሳሽም ነፃነት ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዘጌ ባላገሮች አንዱ ቡናው ከነጆንያው ተሰረቀበት እንበል። ታንኳ ተሳፍሮ ወይም በእግሩ ዞሮ ባሕር ዳር ይገባና ለፖሊስ ያመለክታል። ምስክሮቹን ያመጣል፤ ለምስክሮቹ ስንቅ የሚችለው እርሱ ነው። ቀጠሮው ይራዘማል፤ ዳግመኛ ይመለሳል። ሦስተኛ ጊዜ ምስክሮቹ አንመጣም ይላሉ። ሽማግሌዎች ደግሞ በመንደሩ ሊያስታርቁት ተዘጋጅተዋል። ይህ ሰው እርቁን ቢቀበል ሕግን የናቀ አይደለም፤ ሒሳቡን ያሰበ ነው። በዳርቻው አገር ሽምግልና እስከ ዛሬ የበረታበት አንዱ ምክንያት የባህሉ ጽናት ሲሆን፣ ሌላው ምክንያት የመሥሪያ ቤቱ ርቀት ይመስለናል።

በዚሁ ዘመን ባሕር ዳር በፍጥነት ተለወጠች። ከኢጣልያ በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ኀይል ተከተለ። ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በአንድ ሰፈር ሲኖር የእርስ በርስ ዝምድና የለውምና የዘመድ ከሳሽነት ሊጠቅመው አይችልም። የመንግሥት ከሳሽ የሚያስፈልገው ሕዝብ በዚያች ከተማ የበዛው በዚህ ጊዜ ነው።

ሠ. በደርግ ዘመን

በ1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ወደቀ፤ ጠቅላይ ግዛትም ክፍለ ሀገር ተባለ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የፍርድ ሸንጎም ኖራቸው። በከተማም ቀበሌዎች የራሳቸውን ፍርድ ሸንጎ አቆሙ። በመጀመሪያው ሚዛናችን ሲመዘን ከዚህ የበለጠ መቅረብ አልነበረም፤ ዳኝነት ከአውራጃ ከተማ ወርዶ በባላገሩ ደጃፍ ተቀመጠ። የመሬት ክርክርና ጥቃቅን ጥፋት በጎረቤት ዳኛ መታየት ጀመረ።

ነገር ግን የቀበሌው ሹም፣ የቀበሌው ዘብና የቀበሌው ዳኛ ከአንድ ማኅበር የወጡ ሰዎች ስለ ነበሩ ሁለተኛው ርቀት ከነጭራሹ ጠፋ። በፖለቲካ ለተከሰሱት ደግሞ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ቆመ። በቀይ ሽብር ጊዜ ያለ ክስና ያለ ፍርድ የሞተው ወጣት ብዛት፣ ከሳሽም ዳኛም አንድ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ የሚያስተምር መራራ ትምህርት ነው።

በመስከረም 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት አደረጃጀቱ እንደ ገና ተለወጠ። በሶሻሊስት አገሮች አርአያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በብሔራዊ ሸንጎ የሚመረጥ ሆነ፤ በየደረጃው ያሉት ዐቃብያነ ሕግም ተጠሪነታቸው ወደ ላይ ወደ እርሱ ሆነ። በወረቀት ላይ ይህ ከሁለተኛው ሚዛን አንጻር ጥሩ አሳብ ነበር፤ የአካባቢው አስተዳዳሪ የዐቃቤ ሕጉ አለቃ አይደለምና። ይሁን እንጂ በላይ ያለው ሥልጣን ሁሉ በአንድ ፓርቲ እጅ ስለ ነበር፣ ከታች የተገኘው ነፃነት ከላይ ተመልሶ ተወሰደ።

በዚያው ጊዜ ከተደረገው የአስተዳደር ክፍፍል ለዳርቻው ሰው አንድ እውነተኛ ጥቅም ተገኘ። ጎጃም ሲከፋፈል ምዕራብ ጎጃም ባሕር ዳርን ዋና ከተማ አደረገ፤ ጎንደርም በሰሜንና በደቡብ ተከፈለ። የዘጌ ባላገር ከአውራጃው በላይ ለሆነ ነገር ወደ ደብረ ማርቆስ መሄዱ ቀረ። ለደራው ሰው ግን ድንበሩ ዓባይ ሆኖ ቀጠለ፤ ነገሩ ወደ ደብረ ታቦር ነው።

ረ. አውራጃ ጠፍቶ ወረዳ ሲቀር

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በ1984 ዓ.ም. የክልል መስተዳድሮች በአዋጅ ተቋቋሙ፤ ባሕር ዳርም የዐማራ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። በአዲሱ አደረጃጀት ክልል፣ ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ ሲኖሩ ለሃምሳ ዓመት ያህል የቆየው አውራጃ ቀረ። የዐቃቤ ሕግ ሥራም በዚሁ ልክ ተደለደለ፤ በክልል ፍትሕ ቢሮ፣ በዞን ፍትሕ መምሪያ፣ በወረዳም ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ተባለ። በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ወረዳዎች በዚህ ዓይነት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዐቃቤ ሕግ አገኙ። በ1934 ዓ.ም. የታሰበው ነገር በተግባር የታየው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዐማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በጀት በጥቅል ለወረዳ እንዲሰጥ ተደረገ። ወረዳው ለመምህሩ፣ ለጤና ጣቢያውና ለልዩ ልዩ ጽሕፈት ቤቶቹ ገንዘብ የሚደለድል ሆነ። ለትምህርትና ለጤና ይህ ያመጣው ጥቅም የታወቀ ነው። ዐቃቤ ሕግ ግን እንደ ጤና ጣቢያ አይደለም። ጤና ጣቢያ አስተዳዳሪውንም ባላገሩንም አንድ ዓይነት ያክማል፤ ዐቃቤ ሕግ ግን አንድ ቀን አስተዳዳሪውን መክሰስ ሊኖርበት ይችላል። ወረቀቱን፣ ወንበሩን፣ ወደ ወንጀሉ ስፍራ የሚወስደውን መጓጓዣ ከአስተዳዳሪው የሚለምን ሰው ያን ቀን ብዕሩ ይከብደዋል። በዐቃብያነ ሕጉ ጠባይ ላይ ፍርድ መስጠታችን አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሰማዕት እንዲሆን የሚጠይቅ አደረጃጀት መልካም አደረጃጀት አይባልም ማለታችን ነው።

ይህ የእኛ አስተያየት ብቻ እንዳይመስል ሌላ ምስክር እንጥራ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፍትሕ ሥርዓት ማሻሻያ መነሻ ጥናት ሦስት ዋና ሕመሞችን ዘርዝሯል፤ ፍትሕ ለድኻው ሩቅና የማይመልስ መሆኑ፣ ሙስናንና በሥልጣን መባለግን የፖለቲካ ጣልቃ ገብነትንም ለማስወገድ በቂ ርምጃ አለመወሰዱ፣ በጀቱም ማነሱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመግቢያችን ያነሣናቸው ሁለት ርቀቶች ናቸው። በ2003 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲመራ አሰበ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምርመራን የሚመራ ሰው በምርመራው ስፍራ መድረስ አለበት፤ ይህም ወደ መንገዱ ነገር ይመልሰናል።

ከዚያም ወዲህ ስሙ ተመላልሷል። በ2008 ዓ.ም. በፌዴራል መንግሥት ፍትሕ ሚኒስቴር ቀርቶ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቀርቶ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመለሰ። በዐማራ ክልልም ፍትሕ ቢሮው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተብሎ ቆይቶ እንደ ገና ፍትሕ ቢሮ ተባለ። የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት አቶ ምግባሩ ከበደ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር ከክልሉ ርእሰ መስተዳድር ጋር በስብሰባ ላይ ሳሉ በጥይት ተመትተው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ማረፋቸው የሚታወስ ነው። ከሳሽነትን ከጠመንጃ ወደ ወረቀት ለማምጣት የቆመው መሥሪያ ቤት ራሱ በጠመንጃ መመታቱ ያሳዝናል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለዐማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰር ተፈቀደ፤ አዋጁም ከተራዘመ በኋላ በ2016 ዓ.ም. አበቃ። ስለ ግጭቱ ምክንያት መናገር የጽሑፋችን ዓላማ አይደለም። ለርእሳችን የሚያስፈልገው ይህን ማስተዋል ነው፤ የ48ቱ ሰዓት ቈጠራ ሲቆም፣ በእስረኛውና በአሳሪው መካከል የሚቆመው የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሥራም አብሮ ይቆማል።

ሰ. የሌሎች አገሮች ልምድ

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ለብዙ ዘመን ከሳሹ ራሱ ተበዳዩ ነበር፤ በኋላም ፖሊስ ራሱ መርምሮ ራሱ ይከስ ነበር። ከፖሊስ የተለየ አገር አቀፍ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሥራውን የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1986 ነው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 29 ከዚህ በአርባ አራት ዓመት ይቀድማል። ጃፓን ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947፣ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿን በየፍርድ ቤቱ ደረጃ ልክ ስትደለድል እስከ ታናሹ ፍርድ ቤት አወረደቻቸው፤ ተጠሪነታቸውን ግን ለአካባቢው አስተዳደር አልሰጠችም። ቢሮን ወደ ታች ማውረድና ተጠሪነትን ወደ ታች ማውረድ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚህ እንማራለን። በእኛ አገር ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለዋል።

ሸ. መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን ባጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሹ ቅርብ ነበር፤ ወገን ለሌለው ግን አልነበረም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መንግሥት ከሳሽ ሆነ፤ ነገር ግን ከባላገሩ ራቀ። በደርግ ዘመን ሸንጎው ቀረበ፤ ከሹሙ ግን አልተለየም። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ዐቃቤ ሕጉ ወደ ወረዳ ወረደ፤ ከእርሱም ጋር ጥገኝነቱ አብሮ ወረደ።

ስለዚህ ወደ ፊት በሚደረገው ማሻሻያ ሦስት ነገር ቢታሰብበት መልካም ይመስለናል። አንደኛ፣ የወረዳ ዐቃቤ ሕግ ወንበሩ በወረዳ ይሁን፤ ደመወዙ፣ ሹመቱና ዝውውሩ ግን ከወረዳው አስተዳደር እጅ ይውጣ። ሁለተኛ፣ በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶች ላይ ዐቃቤ ሕግና ተዘዋዋሪ ችሎት በታወቀ የገበያ ቀን ቢገኙ፣ ምስክር ስንቅ ይዞ የሚከተልበት ጊዜ ያጥራል። አልከስም የተባለበት ምክንያትም በዚያው ቀን ለተበዳዩ በሚገባው ቃል ቢነበብለት 15ቱ ቀን ሳያውቀው አያልፍበትም። ሦስተኛ፣ የሥልጣን ክልል ሲወሰን የጥንቱ የግዛት ድንበር ብቻ ሳይሆን የሰው እግር ይቈጠር። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል፤ የደራ ሰው በእርሱ ላይ ተሻግሮ ለገበያና ለሕክምና ባሕር ዳር ይገባል። በዞን ደረጃ ለሚታይ የፍርድ ነገር ግን መንገዱ አሁንም በሌላ በኩል ነው። ድልድይ የማያሻግረው ወንዝ ቢኖር በወረቀት ላይ የተሠመረው ነው።

ጽሑፋችን የተማሪ ሥራ ነውና ጉድለት አይታጣበትም። ከሕግ ትምህርት ጓደኞቻችንና ከመምህራኖቻችን እርማት የሚሰጠን ቢኖር በደስታ እንቀበላለን። ከሁሉ ይልቅ የምንመኘው ግን በየአገሩ ያሉ ተማሪዎች የየወረዳቸውን የፍርድ ታሪክ ከሽማግሌዎች እየጠየቁ እንዲጽፉ ነው። በቁራኛ ስለ መታሰር፣ ስለ አውጫጭኝና ስለ አጥቢያ ዳኛ ከአባቶቹ የሰማውን የሚነግረን ሽማግሌ ዛሬ በየመንደሩ አለ፤ ነገ ግን ላይኖር ይችላል።